የአባባ ቁልቋልና የአጥሩ በር

የልጄ ሚስት ሜሮን ባለፈው ቅዳሜ ከአስፋልት ዳር ችግኝ ሻጮች አንዲት ትንሽ ቁልቋል በፕላስቲክ ኩባያ ገዝታ መጣችና ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤታችን የሳሎኑ መስኮት ላይ፣ ከኔ የደም ግፊት ክኒን ጎን አስቀመጠቻት። እኔ ወደ መስኮቱ የሄድኩት መነጽሬን ፍለጋ ነበር፤ ያየሁትን ለማወቅ ግን መነጽር አላስፈለገኝም። በነጫጭ እሾህ የተሸፈነች የሕፃን ጡጫ የምታህል ድቡልቡል እናት፣ በዙሪያዋ እንደ ጫጩት የተኮለኮሉ ልጆቿ፣ ከመካከላቸው ብቅ ያሉ ሁለት ቀያይ ፍሬዎች። ሜሮን "ለጌጥ ነው እማማ፣ እንዳይወጋሽ" ብላኝ ወደ ጓዳ ስትገባ አንዷን ፍሬ በጥፍሬ ነቅዬ አፌ ውስጥ ጨመርኳት። ሰማንያ ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ የሰው ፍሬ ሰረቅሁ ማለት ነው። ትጣፍጥ ትኮምጥጥ ልነግራችሁ አልችልም። አንድ ግቢ፣ አንድ አጥርና ከቆርቆሮ የተሠራች አንዲት በር ከነሰዎቻቸው ተመልሰው መጡብኝ።

ያደግኩት እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ፣ የጥገና ሠራተኞች ከነጋዴዎች ጋር ተቀላቅለው በሚኖሩባት ጠባብ ሰፈር ነው። አባባ የባቡር መካኒክ ነበር። የተወለደው መንዝ ሲሆን፣ የአያቴ መሬት ለሰባት ወንድማማቾች ሲከፋፈል ሲከፋፈል እሱ ጋ ሲደርስ በሬ ዞሮ የማይመለስባት ቁራጭ ስለሆነች፣ እሷኑ ለታላላቆቹ ትቶ ቆላ ወረደ። እጁ ብረት ይፈታ እንጂ ልቡ የገበሬ ነበር። ለወንድ ልጅ አስቦ ያስቀመጠውን ስም እንኳ እኔ ሴት ሆኜ ስመጣ ሳይቀይር አዝመራ ብሎ ሰየመኝ። በግቢያችን ያልሞከረው ዘር አልነበረም። ጌሾ ተከለ፣ ጠወለገ፤ ጤና አዳም ተከለ፣ በሦስተኛው ቀን የተቀቀለ ጎመን መሰለ፤ ከአገሩ ሰው ልኮ ያስመጣው ባቄላ ደግሞ ለአንድ ሳምንት አንገቱን አውጥቶ የድሬን ፀሐይ ካየ በኋላ ተመልሶ ወደ መሬት የገባ ይመስል ጠፋ። እናቴ፣ እማማ፣ "መሬቱ ጠልቶሃል" እያለች ትስቅበት ነበር። እሱ ግን በዚህ ነገር አይስቅም።

በከሰል የሚሄደው ባቡር በናፍጣው መተካት በጀመረበት ጊዜ፣ እኛ ልጆች "ሙሴ" የምንለው አንድ የፈረንጅ አለቃ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ቤቱን ሲያራግፍ ለአባባ በሳርዲን ቆርቆሮ የተተከለች ቁልቋል ሰጠው። ሌሎቹ ሠራተኞች ወንበር፣ መብራት፣ አንደኛው አልጋ ሳይቀር ሲደርሳቸው የእሱ ድርሻ እሾህ ሆነ ብለው ብዙ ተሳሳቁበት። አባባ ግን ከሁሉም የበለጠ የደረሰው እሱ ነበር። ግማሽ በርሜል ሰንጥቆ፣ ታቹን በሚስማር በሳስቶ፣ ከደቻቱ ወንዝ ያመጣውን ደረቅ አሸዋ ከባቡሩ የከሰል ፍርፋሪ ጋር ቀላቅሎ ተከላት። ውሃ የምታገኘው በየአሥራ አምስት ቀኑ አንድ ሲኒ፣ ያውም ከእሱ እጅ ብቻ ነው። እማማ "በሲኒ ውሃ የሚሰጠው እንግዳ የት አገር አለ?" ትለው ነበር። አመሻሽ ላይ እንደ ሰፈሩ ልማድ አልጋችንን ወደ ውጭ ከማውጣታችን በፊት ግቢውን ለማቀዝቀዝ ውሃ ስንረጭ፣ ጠብታ እንዳይደርስባት በርሜሉን አሮጌ ሳፋ ይደፋበታል። በአራት ዓመት ውስጥ ያቺ ጡጫ የምታህል ነገር ልጅ ወልዳ፣ የልጅ ልጅ ወልዳ በርሜሉን ጢም አድርጋ ሞላችው። አባባ ከሥራ ሲመለስ የእጁን ግራሶ በቤንዚን ካስለቀቀ በኋላ ዱካውን ስቦ አጠገቧ ይቀመጥ ነበር፤ እርሻውን ጎብኝቶ የተመለሰ ሰው ፊት ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ፍሬው ሲደርስ በቅርጹም በመጠኑም ቁርጥ ሚጥሚጣ ነው። አባባ በሕይወቱ የሚያውቀው አንድ ቀልድ ይህ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ሁለት ሦስቱን በመዳፉ ይዞ ይቀርብና "የኛ ቤት ሚጥሚጣ፣ እስቲ ወንድ ከሆንክ" ይላል፤ እንግዳው ሲያመነታ እሱ ራሱ አንዱን አፉ ውስጥ ጨምሮ ግንባሩን ሳያኮማትር ያላምጣል፤ በመጨረሻ እንግዳው ዓይኑን ጨፍኖ ሲቀምስ እንደ እንጆሪ የሚጣፍጥ፣ ኮምጠጥ የሚል ነገር ያገኛል። ያን ጊዜ አባባ እስኪያስለው ይስቃል። ቀልዱን ሰፈሩ በሙሉ ካወቀው በኋላ እንኳ ሰዎቹ ለእሱ ብለው እንደ አዲስ ይፈሩለት ነበር።

ከአጥሩ ወዲያ አዴ ኸዲጃ ትኖራለች። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ አልለመደብንም፤ እንደ እናት የምናያትን ሴት አዴ ካልናት ክብሩ እዚያው ውስጥ አለ። ቀፊራ ገበያ ብርቱካንና ዘይቱን የምትሸጥ፣ ባሏ ለንግድ ከወጣ የሚመለስበት ቀን የማይታወቅ፣ ሳቋ ከሰውነቷ ቀድሞ ቤት የሚገባ ሴት ነበረች። እኔ በተወለድኩ በሦስተኛው ሳምንት እማማን ወባ ጥሎ ወተቷ ሲደርቅ፣ አዴ ኸዲጃ የገዛ ልጇን ኪሚያን ታጠባ ስለነበር አንዱን ጡቷን ለኔ ሰጠችኝ። በመንገድ ዞራ ስትመጣ ፀሐዩ እንዳይጎዳት አባባ የአጥሩን ቆርቆሮ ቆርጦ፣ ከወዳደቀ ብረት ማጠፊያ አበጅቶ በር ሠራላት። ያቺ በር ለኔ ሲባል የተከፈተች ናት። መቀርቀሪያ አልነበራትም፤ ማታም ማንም አይዘጋትም።

በዚያች በር ብዙ ነገር አልፏል። ሥጋ ብቻ አያልፍም፤ የኛ የፋሲካ ሥጋ ለነሱ፣ የነሱም የአረፋ ሥጋ ለኛ እንደማይሆን ማንም ሳይነግረን እናውቀው ነበር። ፍሬ ግን ምንም ደንብ አያግደውም። ስለዚህ የዓመቱ የመጀመሪያ ፍሬ ሲቀላ አባባ በሰሐን አድርጎ ለነሱ ይልካል፤ አዴ ኸዲጃም ሰሐኑን ባዶ አትመልስም፣ ዘይቱን ትሞላበታለች። አንድ ዓመት ግን ራሷ መጥታ በርሜሉ ዳር ቆመችና "አባ አዝመራ፣ ከጫጩቶቿ አንዷን ስጠኝ፣ ጣሪያዬ ላይ ላሳድጋት" አለችው። አባባ ሰው የማይከለክል ሰው ነበር፤ ይህን ግን ከለከለ።

"ፍሬውን እንደፈለግሽ ውሰጂ፤ መክፈል ግን አይሆንም። ሲከፋፈል ያለቀ ነገር አይቻለሁ" አላት።

"አቦ፣ ይሄ መሬት አይደለም። ይወልዳል እኮ" ብላ ሳቀች።

እሱ አልሳቀም። በየዓመቱ ትጠይቀዋለች፣ በየዓመቱ ይከለክላታል፤ በኋላ በኋላ በሁለቱ መካከል እንደ ጨዋታ ሆኖ ነበር። አሁን ሳስበው ጨዋታ የሆነው ለሷ ብቻ ነው።

ዘጠኝ ዓመት በሆነኝ ዓመት አረፋ ሲደርስ ኪሚያ እናቷ የገዛችላትን ሁለት የብርጭቆ አምባሮች፣ አረንጓዴዎቹን፣ ይዛ በበሯ መጣችና አንዱን አውልቃ እጄ ላይ አደረገችልኝ። እኔ የምሰጣት ምንም አልነበረኝም። አባባ አዋሽ መንገድ ላይ ተበላሽቶ የቆመ ባቡር ሊጠግን ከጓደኞቹ ጋር ሄዶ ሁለት ሳምንት እንደሚቆይ ልኮብናል። እማማ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች። "ያቺን ቁልቋል እሰጥሻለሁ፣ ትንሿን፣ አባባ ቆጥሯቸው አያውቅም" አልኳት፤ እውነትም አልቆጠራቸውም፤ ግን ለምን ይቆጥራል፣ አንድ በአንድ ያውቃቸው የለ። እጄን በእራፊ ጨርቅ ጠቅልዬ ከጠርዝ ያለችውን ጠምዝዤ ጠምዝዤ ገነጠልኳት። ኪሚያ ትንሿን ቁልቋል በሻሿ ታቅፋ በበሯ ስትሮጥ አሁንም ይታየኛል።

የተገነጠለችበት ቦታ እንባ የመሰለ ውሃ አቀረረ። እዚህ ላይ ነው ያበላሸሁት። ባልነካው ኖሮ ቁስሉ በዚያ ሙቀት በሁለት ቀን ይደርቅ ነበር፤ ይህን የተረዳሁት ካደግኩ በኋላ ነው። እኔ የማውቀው ግን የራሴን ጉልበት ነበር፤ ስወድቅና ስላጥ እማማ ለብ ባለ ውሃ ጨው አሟሙታ ጠዋትና ማታ ታጥበኛለች፣ አለቅሳለሁ፣ እድናለሁ። ስለዚህ ጨው በውሃ በጥብጬ እናቲቱን አጠብኳት። ጠዋት አጠብኳት፣ ማታ አጠብኳት፣ በጥጥ እያረጠብኩ፣ "አይዞሽ" እያልኩ፣ አራት ቀን። በአምስተኛው ቀን ቁስሉ ቡናማ ሆኖ ሳይ ጨዉ አንሶ ይሆናል ብዬ ጨመርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ ያለ አይመስለኝም።

አባባ ረከቦት የሚያህል የአዋሽ ሐብሐብ ተሸክሞ፣ ደስ ብሎት ገባ። ሐብሐቡን ሳያስቀምጥ ወደ በርሜሉ ሄደ። ከዳር ያሉት እንደ በሰበሰ ድንች ሟሽሸዋል፤ አንዷን በጣቱ ቢነካት ወደ ውስጥ ሰመጠች፣ መጥፎ ሽታም ወጣ። ጎንበስ ብሎ አንድ በአንድ ፈተሻቸው። ከዚያ የተገነጠለውን ቦታ አገኘው። "ሰው ነክቷታል" አለ፣ ቀስ ብሎ። እማማ ወደኔ አየች፤ የጨው ቅሉ መጉደሉን ሳታይ የቀረች አይመስለኝም፤ ግን አላጋለጠችኝም፣ እኔም አልተናዘዝኩም። የአባባ አለንጋ ከበሩ ኋላ ተሰቅላ ነበር፤ ያን ቀን ከሷ ሌላ ምንም አይታየኝም።

አዴ ኸዲጃ ሰምታ ሮጣ መጣች። እንደ ገበያ ሰው አንድ ጊዜ አይታ ገባት። "በቶሎ ያልተበላሹትን ለይ፣ ከፋፍላቸው፣ ጥላ ሥር ይድረቁ፣ ወላሂ ይድናሉ። እኔም ልያዝልህ" አለችው። አባባ ራሱን ነቀነቀ። ከሚከፍላት ብትሞት ይሻላል ያለ ያህል ነበር፤ ምናልባትም ከፈውስ ይልቅ በደለኛውን ማግኘት ፈልጎ ይሆናል። ሁለት ቀን ጠበቀ። በሦስተኛው ቀን በርሜሉ ውስጥ ቆሞ የቀረ አንድም አልነበረም።

የዚያኑ ቀን ጣሪያ ላይ የተገለበጠ ቆርቆሮ ሊመታ ወጥቶ ቁልቁል ወደ ጎረቤት ግቢ ሲያይ፣ በቲማቲም ጣሳ የተተከለችውን ትንሿን አያት። በዚያች በር አለፈ፤ እኔና እማማ ተከተልነው። አዴ ኸዲጃ ቁልቋሏ እዚያ መኖሯን እንኳ አታውቅም ነበር፤ ከውሃ ጋኑ ጀርባ ኪሚያ የደበቀቻት ናት። እናትየው ልጇን ክንዷን ይዛ "ማን ሰጠሽ?" አለቻት። ኪሚያ እኔን አየችኝ። አለንጋችንን ታውቃለች፤ እጄ ላይ ያለውን አረንጓዴ አምባርም አየችው። ከዚያ መሬት መሬት እያየች "ማንም አልሰጠኝ፤ እኔ ነኝ የወሰድኩ" አለች። አዴ ኸዲጃ ልጇን ስትመታ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ የጥፊው ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። አፌን ብከፍት ኖሮ ያኔውኑ ያልቅ ነበር። አልከፈትኩም።

አባባ ኪሚያን አልተናገራትም። እናቷን ግን አይቶ "ሕፃን እንዲህ አታስብም። ስከለክልሽ ከርሜ በልጅሽ እጅ አስነቀልሽው፤ የቀረውንም ሆን ብለሽ አበላሸሽብኝ" አላት። አዴ ኸዲጃ ስትመልስ ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር። "እኔ? ልጅህን ያጠባሁ?" ብቻ ነው ያለችው። እሱም ጀርባውን ሰጥቶ ወጣ። ማታውን መዶሻውን ሲያነሳ ሰማሁት። የሠራትን በር በአሥራ ሁለት ሚስማር መታት፤ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ቆጥሬያቸዋለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ትንሿ ቁልቋል ከጣሳው ወጥታ፣ በንጹሕ ጨርቅ ላይ፣ ከአጥሩ ጎን ባለው የድንጋይ ካብ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። መልሰውልናል። አባባ አይቷት አለፈ። እማማም ልትነካት ፈራች። እኔ ብተክላት ኖሮ ትድን ነበር፤ ግን ለምን ተከልሽ ቢሉኝ ምን ልል ነው ብዬ ተውኳት። ያለ አፈር፣ ያለ ውሃ፣ በዚያ ፀሐይ ሥር ወራት ቆየች። አንድ ቀን ጠዋት አናቷ ላይ ነጣ ያለ ትንሽ አበባ አውጥታ አየኋት፣ ሰውነቷ ግን ከስቶ ከአበባዋ አንሶ ነበር። ልጅ ብሆንም ከየት አምጥታ እንዳበበች ገብቶኝ አለቀስኩ። ከዚያ ደረቀችና ነፋስ ጣላት። ሜሮን እስክታመጣት ድረስ እንደሷ ያለ ቁልቋል ድሬ ውስጥ ሌላ ሰው ጋ አላየሁም፤ አንዲት ልጅ ለአንድ ጎረቤት ተሰጥታ ቢሆን ኖሮ ዘሯ አይጠፋም ነበር።

አዴ ኸዲጃ ዓመት ሳይሞላ ቤቱን ለቅቃ ደቻቱን ተሻግራ መጋላ ሰፈር ገባች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ባሏ ጅቡቲ ሱቅ ከፍቶ ወሰዳቸው። የሚሄዱ ቀን ለአባባ ምሳውን ይዤለት ጣቢያው መጥቼ ነበር። ኪሚያ በሦስተኛ ማዕረግ መስኮት ተቀምጣ አየኋት። ቁመቷ ጨምሯል፣ ሻሿም የትልቅ ሰው ሆኗል። አልተጣራችም፣ እጇንም አላነሳች፤ ታየኛለች፣ ትጠብቀኛለች። አባባ አጠገቤ ቆሞ ምሳውን ይፈታል። ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ አለንጋ የሚፈራበት ዕድሜ አልፏል። እኔ ግን ሳምቡሳ ወደምትሸጠው ሴት ዞርኩና የምገዛ መሰልኩ። ስመለስ ባቡሩ ጭራውን ብቻ እያሳየ ነበር። ያ አምባር በዚያው ሰሞን እጄ ላይ ጠበበ፤ አልወልቅ ቢለኝ በድንጋይ ሰበርኩት።

አባባ ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ኖረ፣ በሃያውም ዓመት አንድ ዘር መሬት ውስጥ አልጣለም። በርሜሉን እማማ ልብስ መዘፍዘፊያ አደረገችው። ቀልዱም ቀረ። ማታ ማታ የግቢውን በር ሁለት ጊዜ የሚፈትሽ፣ የሠራተኛ ጓደኞቹን ሳይቀር የሚጠረጥር ሰው ሆነ፤ ለምን ሲሉት "ኸዲጃን ያህል ሰው ከከዳኝ እንግዲህ ማንን ልመን" ይላል። በመጨረሻው ዓመት ዓይኑ ሲደክም እያጎረስኩትም ይኸንኑ ይለኝ ነበር። ስንት ጊዜ ምላሴ ላይ ደርሶ ተመልሷል። አሁን ብነግረው ይሰበራል፣ በሰላም ይሂድ እል ነበር፤ ውሸቴን ነው፣ የፈራሁት ለራሴ ነው። "አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽኝ የምታመኚ" ብሎኝ ሞተ። ኪሚያ ጅቡቲ በወሊድ መሞቷን የሰማሁት ደግሞ እሱን ከቀበርነው በኋላ ከአንድ የመጋላ ነጋዴ ነው። አዴ ኸዲጃ ከዚያ ቀድማ አርፋለች። እውነቱ የሚጠቅመው ሰው አንድም አልቀረም፣ እኔ ጋ ግን ሳይጎድል አለ።

የድሮ ሰፈራችን ቤት ፈርሶ ፎቅ ተሠርቶበታል። አጥሩ አሁን የድንጋይ ነው፣ ከላዩም ጠርሙስ ተሰክቶበታል። እዚህ ሳቢያንም ቢሆን አሥር ዓመት ስንኖር የግራ ጎረቤታችንን ስም ያወቅኩት በሞተ ቀን ነው።

ዛሬ ጠዋት ሜሮን ቁልቋሏን በመስኮቱ ብርሃን አገላብጣ ካየች በኋላ "እማማ፣ ኩባያው ጠቧታል እኮ። ልጆቿን ገንጥዬ ለጎረቤቶች ባድላቸውስ?" አለችኝ።

"አድያቸው" አልኳት። "የተገነጠለበትን ግን እንዳታጥቢው። እንዲሁ ይድረቅ።"

እጇ ላይ ያለችውን ቁልቋል እንደያዘች ዘወር ብላ አየችኝ። ጥሩ ልጅ ናት፤ ብነግራት ቁጭ ብላ ትሰማኝ ነበር። ልነግራትም አፌን ከፍቻለሁ።

"ቁልቋል ደግሞ ማን ያጥባል?" ብላ ሳቀች።

እኔም አብሬያት ሳቅኩ።